ቡቺ ኤሜቼታን ወደ አማርኛ መልሱልን

ለአማርኛ ተርጓሚዎች፣ ለመጻሕፍት አሳታሚዎችና ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ የቡቺ ኤሜቼታ ልብ ወለዶች በአማርኛ እንዲታተሙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሰሜን ለንደን ነው። እዚህ አገር መኖር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሦስት ልጆች አሳድጌአለሁ፤ የመጨረሻዋን ከወለድኩ ወዲህ ብቻዬን። ለዘጠኝ ዓመታት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እየተነሣሁ የሰው ቢሮ አጸዳ ነበር፤ ዛሬ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ደራሲ አይደለሁም፤ የሥነ ጽሑፍ ባለሙያም አይደለሁም። አንባቢ ነኝ። ብዕር ያነሣሁትም በአንባቢነቴ የምለምናችሁ አንድ ነገር ስላለኝ ነው፦ የናይጄሪያዊቷን ደራሲ የቡቺ ኤሜቼታን ልብ ወለዶች ወደ አማርኛ መልሱልን።

መጽሐፏ እጄ የገባው በልጄ ምክንያት ነው። ልጄ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የሥዕል መጽሐፍ ሲመርጥ እኔ ካፖርቴን ሳላወልቅ መደርደሪያው አጠገብ ቆሜ እጠብቀው ነበር። ዐይኔ አንድ ስስ መጽሐፍ ላይ አረፈ። ርእሱን በልቤ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ «ሁለተኛ ዜጋ»። እርስ በርሳችን ስንት ጊዜ የተባባልነው ቃል ነው! በሰው አገር ሁለተኛ ዜጋ ሆነን ቀረን እንላለን። ቃሉን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ ያውም ከአንዲት አፍሪካዊት ሴት ስም ጋር ሳየው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቆሜ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ።

ባለ ታሪኳ አዳ የምትባል ልጅ ናት። የተወለደችበትን ቀን በትክክል አታውቀውም። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ወንድ ይወለዳል ብሎ ሲጠብቅና ሲተነብይ እርሷ ሴት ሆና መጣች፤ ስለዚህ ልደቷን ልመዝግብ ያለ ሰው አልነበረም። እኔ በተወለድኩበት መንደር ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። በእኔ ቀን ሦስተኛዋ እልልታ ተጀምራ መቋረጧን አያቴ ነግራኛለች። ካፖርቴን አወለቅሁና ተቀመጥኩ። ልጄ መጥቶ እጄን እስኪጎትተኝ ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም።

አዳ በአብዛኛው ራሷ ደራሲዋ ናት። ቡቺ ኤሜቼታ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1944 በሌጎስ ነው፤ ከዚህ በታችም ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወላጆቿ ኢቡዛ ከምትባል የኢግቦ ሕዝብ ከተማ የመጡ ሲሆኑ፣ አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቀድሞ ትምህርት ቤት የተላከው ታናሽ ወንድሟ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ አዳ ይህን አልቀበልም ትላለች። እናቷ ከሰው ጋር ወሬ ይዛ ሳለ ሰሌዳ አንሥታ ውልቅ ትልና የጎረቤታቸው መምህር ከሚያስተምሩበት ክፍል ዘው ብላ ትገባለች። ልጆቹ ይሥቃሉ፤ መምህሩ ግን አያባርሯትም፣ ቦታ ሰጥተው ያስቀምጧታል። ቤት ውስጥ ልጅ ጠፋች ተብሎ ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ደርሷል። እናት ልጅሽን ችላ ብለሻል ተብላ ትያዛለች። ቅጣቱም በትልቅ ሳሕን የተበጠበጠ ጋሪ፣ የካሳቫ ዱቄት ማለት ነው፣ ሆዷ እስኪወጠር እንድትጠጣ ማስገደድ ነው። እናት እያለቀሰች ትጠጣለች፤ ልጅ ቆማ ታያለች። ለአዳ ትምህርት የመጀመሪያውን ክፍያ የከፈለችው እናቷ ናት።

አባቷ ሲሞቱ አዳ የእናቷ ወንድም ቤት ትገባለች፤ ዘመድም አገልጋይም ሆና። ቀኗ የሚጀምረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። በረንዳው ላይ አንድ ትልቅ በርሜል አለ። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ከሕዝብ ቧንቧ አሥርና አሥራ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ትሞላዋለች። ይህን ገጽ ያነበብኩት አውቶቡስ ላይ ነው፤ ሰዓቱም ያው ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁና የውጭውን ጨለማ ስመለከት ብዙ ቆየሁ። አንድ ሰው በሌጎስ፣ እኔ ሳልወለድ፣ የእኔን ሰዓት ቆጥሮ ጽፎልኛል።

ልጅቷ ሥጋ ግዢ ተብላ የተሰጣትን ሁለት ሽልንግ ጠፋብኝ ብላ ለመግቢያ ፈተና መመዝገቢያ ታውለዋለች። ተገርፋለች፤ ፈተናውን ግን አልፋለች። ኤሜቼታ ራሷም በስኮላርሺፕ ሌጎስ ውስጥ ያባ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው የሜቶዲስት የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብታለች። በ16 ዓመቷ ግን አገባች። ባሏ ለትምህርት ወደ ለንደን ሄደ፤ እርሷም በ1962 ሁለት ልጆቿን ይዛ ተከተለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የእንግሊዝ ኑሮ እዚህ ያለን ሰዎች በቅርበት እናውቀዋለን፤ በእርሷ ጊዜ ግን ከዛሬው የከፋ ነበር። የሚከራይ ክፍል ማስታወቂያ ሥር «ለጥቁሮች አይሆንም» ብሎ በግልጽ መለጠፍ የተለመደ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ አዳ ስለ አንድ የሚከራይ ቤት ስልክ ስትደውል የአፍሪካዊነት ድምጿ እንዳይታወቅባት አፍንጫዋን ቆንጥጣ ይዛ ታወራለች። አከራይዋ በስልክ እሺ ትላለች። ምሽት ላይ ባልና ሚስት በሩን ሲያንኳኩ ግን ሴትዮዋ ፊታቸውን ዐይታ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ክፍሎቹ አሁን ገና ተያዙ ትላቸዋለች። ይህን ለሴቶች ባነበብኩ ጊዜ የሆነውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ኤሜቼታ ቤተሰቡን የምታስተዳድረው በቤተ መጻሕፍት ሠራተኝነት ደመወዟ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ አምስት ልጅ ወለደች። በዚህ ሁሉ መካከል በተማሪ ደብተር ላይ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረች፤ ርእሱም «የሙሽራ ዋጋ» የሚል ነው። ባሏ አላነበበውም። አቃጠለው። ይህ በሕይወቷ የደረሰ ነገር ነው፤ ለአዳም የሰጠቻት ይህንኑ ነው። አዳ ወደ ቤት ስትመለስ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታታል። በሩን ስትከፍት ባሏ ጀርባውን ሰጥቷት ምድጃው አጠገብ ቆሟል፤ ወረቀቱን እየማገደ ነው። በሥራ ቦታ ጽሑፉን ያነበበ ጓደኛዋ ይህ የአእምሮሽ ልጅ ነው ብሏት ነበርና፣ ልጄን እንኳ ልትገድል ትችላለህ ማለት ነው ብላ የምታስብበት ቅጽበት ነው። ደራሲዋ በዚህ ቦታ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ዐረፍተ ነገሮቿ አጫጭር ናቸው። እኔ ይህን ምዕራፍ በሦስት ቋንቋ ቢሆን እንኳ ከዚህ በላይ ዝቅ ባለ ድምፅ ሊነገር ይችላል ብዬ አላስብም።

በ1966፣ በ22 ዓመቷ፣ አምስተኛዋን ልጇን በሆዷ ይዛ ከዚያ ቤት ወጣች። የተቃጠለውንም መጽሐፍ እንደገና ከመጀመሪያው ጻፈችው፤ በ1976 ታተመ። አሥር ዓመት ፈጅቶባታል ማለት ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ በመንግሥት ቤት፣ እርሷ ጉድጓድ ብላ በጠራችው ኑሮ ውስጥ ልጆቿን አሳደገች፤ ሠራች፤ ተምራ በለንደን ዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ ተመረቀች። የምትጽፈውም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ልጆቹ ሳይነቁ ነው። ስለ ድሆች እናቶች ሕይወት የጻፈቻቸውን ጽሑፎች ኒው ስቴትስማን ወደሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላከች፤ መጽሔቱ አተማቸው። በ1972 ተሰብስበው «ጉድጓድ ውስጥ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ የመጀመሪያ መጽሐፏ ሆነው ወጡ። «ሁለተኛ ዜጋ» በ1974 ተከተለ።

የዚያ መጽሐፍ መታሰቢያነት ለአምስቱ ልጆቿ ነው። በስም ትጠራቸውና ያለ እነርሱ ጣፋጭ ጫጫታ መጽሐፉ ሊጻፍ እንደማይችል ትናገራለች። ይህችን አንዲት መሥመር ብቻ ሳነብ ነው ያለቀስኩት፣ ከእሳቱም ከበርሜሉም በላይ። እኛ «ልጆቼ ባይኖሩ ኖሮ ይህን በሠራሁ፣ እዚህ በደረስኩ» ማለት የለመድን ሴቶች ነን። አሜሪካዊቷ ደራሲ አሊስ ዎከርም ይህን አይታ ስለ ኤሜቼታ ጽፋለች፤ ይህች ሴት ልጆች እያሉባት ሳይሆን በልጆቿ ምክንያት ደራሲ ሆነች ብላ።

ሌሎቹን ሥራዎቿን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም፤ ከሃያ መጻሕፍት በላይ ናቸው። በ1967 ናይጄሪያ ውስጥ ስለተነሣው የቢያፍራ ጦርነት የጻፈችው ልብ ወለድ በ1982 ታትሟል። በ1983 ከእነ ሳልማን ሩሽዲና ካዙኦ ኢሺጉሮ ጋር ከሃያዎቹ ምርጥ ወጣት የብሪታንያ ልብ ወለድ ጸሐፍት አንዷ ተብላ ተመርጣለች። በ2005 የብሪታንያ የክብር ኒሻን ተቀበለች። በጥር 2017 በ72 ዓመቷ ለንደን ውስጥ አረፈች። ከልጇ ጋር ሆና የራሷን ማተሚያ ድርጅት እስከ ማቋቋም ደርሳ እንደነበርም አሳታሚዎች ልብ በሉልኝ።

ሁለቱን ግን ማለፍ አልችልም።

የመጀመሪያው በ1977 የወጣው የባሪያዋ ልጃገረድ ታሪክ ነው። የኤሜቼታ እናት በልጅነቷ የተሸጠች ሴት ናት። የሸጣት የገዛ ወንድሟ ነው፤ ምክንያቱም ለአካለ መጠን መድረሱን በሚያከብርበት ጭፈራ ላይ የሚያጌጥበት የሐር ሻሽ መግዣ ማጣቱ ነው። ደራሲዋ የእናቷን ታሪክ ይዛ መጽሐፍ አደረገችው። እንግዲህ አስቡት፤ ለሻሽ መግዣ ከተሸጠች ሴት የተወለደችው ናት የንግሥቲቱን ኒሻን የተቀበለችው።

ሁለተኛው በ1979 የታተመው ትልቁ ሥራዋ ነው። ርእሱን «የእናትነት ደስታ» ልንለው እንችላለን። ሐረጉን የወሰደችው ከሌላዋ ናይጄሪያዊት ደራሲ ከፍሎራ ንዋፓ ነው፤ ንዋፓ በ1966 ያሳተመችው «ኤፉሩ» የሚያልቀው ይህን ደስታ ባላየች ሴት ነው። ኤሜቼታ ደግሞ ጥያቄውን ገልብጣ ያዘችው፦ ያየችውስ ሴት ምን አገኘች? ባለ ታሪኳ ኑ ኤጎ ትባላለች፤ ስሙ ሃያ ከረጢት ዛጎል ማለት ነው፣ አባቷ ከዚያ ሁሉ ገንዘብ በላይ ውድ ናት ብለው ያወጡላት። መጽሐፉ የሚጀምረው ሌጎስ ውስጥ፣ በ1934፣ ይህች ሴት የበኩር ልጇ ሞቶባት ራሷን ለመወርወር በካርተር ድልድይ አቅጣጫ እየሮጠች ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ልጆች ትወልዳለች። ባሏ የነጮች ልብስ አጣቢ ነው፤ ኋላም ለዓለም ጦርነት ታፍሶ ይወሰዳል። እርሷ ሲጋራና ክብሪት እየቸረቸረች ልጆቿን ታስተምራለች። ከወንዶቹ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ካናዳ ይሄዳሉ። እናት ደብዳቤ ትጠብቃለች። ከዕለታት አንድ ቀን መንገድ ዳር ትተኛለች፣ ቤቷ የደረሰች መስሏት፤ እጇን የሚይዝ ልጅ ሳይኖር ትሞታለች። ስትሞት ግን ሁሉም ይመጣሉ። ኢቡዛ አይታው የማታውቀው ድግስ ይደገሳል። የበኩር ልጇ መልካም ልጅ መሆኑን ለዓለም ለማሳየት የተበደረውን ገንዘብ ከፍሎ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል።

ይህን ያነበበ የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ተዝካር የሚለው ቃል ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። ተርጓሚው ይህን ድግስ ሌላ ምን ብሎ ይጠራዋል? እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቀብር ነው የሚለው፤ ለእንግሊዝ አንባቢ እንግዳ ነገር ነው። ለእኛ እንግዳ አይደለም።

እዚህ ላይ ልቤ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፣ እናንተ ባለሙያዎቹ ታርሙኛላችሁ። ኤሜቼታ አማርኛ ውስጥ ገብታ ቤቷን የምታገኝ ይመስለኛል። ኢግቦዎች «ቺ» የሚሉት፣ ከሰው ጋር አብሮት የሚወለድና ዕድሉን የሚወስን መንፈስ አለ። ለኑ ኤጎ ቺዋ ከእመቤቷ ጋር አብራ ተቀብራ እንድትሞት የተፈረደባት ባሪያ ናት፤ ያች ሴት እመለሳለሁ ብላ ወደ መቃብር ወርዳለች፣ ኑ ኤጎም በጭንቅላቷ ላይ የዚያች ሴት ቁስል ምልክት ይዛ ተወለደች። እንግሊዝኛው «ቺ» ብሎ ከመተው በቀር ምርጫ የለውም። እኛ ግን ውቃቢ የሚል ቃል አለን። «ውቃቢዋ ራቃት» ስንል ሌላ ማብራሪያ ያስፈልገናል? በእርግጥ የራሱ አደጋ አለው፤ ውቃቢ የእኛን አገር ሽታ ይዞ ይመጣና የኢግቦዎቹን ሊሸፍነው ይችላል። ይህን መመዘን የእናንተ ሙያ ነው። እኔ የምለው የሚመዘን ነገር መኖሩ ራሱ ሀብት ነው ነው።

«የሙሽራ ዋጋ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ጥሎሽ ብለን ብንገላገለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሆኖም ጥሎሽ ስንል ለሙሽራዋ የሚቀርበው ቀሚስና ጌጥ ነው በዐይናችን የሚመጣው፣ እልልታው ጭምር። በዚያ መጽሐፍ ያለው ለልጅቷ ወገን ወንዶች የሚቆጠር ገንዘብ ነው፤ ካልተከፈለም ልጅቷ በመጀመሪያው ወሊድ ትሞታለች የሚል እምነት ተከትሎት ይመጣል። ማጫም አይሆንም። ስለዚህ «ዋጋ» የምትለው ቃል ባዶዋን፣ ሳትሸፈን ትቅር ባይ ነኝ።

አንድ ደግሞ አለ። በ1986 ስቶክሆልም ውስጥ በተደረገ የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ ላይ ኤሜቼታ ስለ ፌሚኒዝም፣ ስለ ሴቶች መብት ንቅናቄ ማለት ነው፣ ተጠይቃ፣ ከሆንኩም በእንግሊዝኛው ትንሹ «ኤፍ» የምጻፍ አፍሪካዊት ፌሚኒስት ነኝ ብላ ነበር። የምዕራባውያኑን ንቅናቄ እንዳለ አልወስደውም፤ የራሴ የሆነውን፣ ከኢቡዛ ገበያ የመጣውን ነው የያዝኩት ማለቷ ነው። ፊደላችን ትንሽና ትልቅ ብሎ አይለይም። ይህን ዐረፍተ ነገር እንዴት እንደምመልሰው ለሳምንታት አስቤ፣ እስካሁን አልተሳካልኝም። የሚሳካለት ሰው ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

አሁን ቃል ወደ ገባሁላችሁ ነገር ልምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ሴቶች ይሰበሰባሉ። ስድስት እንሆናለን። ቡና ይፈላል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ የማነበውን መጽሐፍ አይተው ምንድን ነው አሉኝ፤ አንድ ገጽ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ አላቆምንም። ገጹን በሳምንቱ ውስጥ በደብተር ላይ እመልሰውና ቅዳሜ አነባለሁ። አፍንጫዋን ቆንጥጣ ስልክ የደወለችውን አዳን ያነበብኩ ዕለት፣ ስምንት ዓመት ቤሩት በሰው ቤት የሠራች እኅታችን መጀመሪያ ሣቀች። ከዚያ ዝም አለች። «እኔ እኮ ስሜን ነው የቆነጠጥኩት» አለች። እመቤቲቱ ስሟ ያስቸግረኛል ብላ ሌላ ስም አውጥታላት፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ነው የተጠራችው። ይህን ከዚያ ቀን በፊት ለማናችንም ነግራን አታውቅም።

የእሳቱን ምዕራፍ ባነበብኩ ጊዜ ደግሞ ጀበናው ገነፈለ። ቡናው በምድጃው ላይ ሲፈስ፣ ሽታውም ቤቱን ሲሞላው ሁላችንም እናያለን፤ የተነሣ ሰው ግን አልነበረም። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ትልቃችን ናቸው መጨረሻ ላይ የተናገሩት። «ደግማ ጻፈችው?» አሉ። አዎ አልኳቸው፤ አሥር ዓመት ፈጅቶባት። «ያንኑ ስም ሰጠችው?» ያንኑ ስም ሰጠችው አልኩ። ተነሥተው ምድጃውን አጠፉ።

እነዚህ ሴቶች ስለ ኤሜቼታ ከብዙ ምሁር በላይ የሚያውቁ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ግን ይከብዳቸዋል። ከሐኪም ጋር፣ ከትምህርት ቤት ጋር፣ ከአለቃ ጋር የሚያግባባ እንግሊዝኛ አላቸው። ልብ ወለድ የሚነበበው ግን ሌላ ኃይል በሚጠይቅ ቋንቋ ነው፤ ከሥራ መልስ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በቀረችው ጥቂት ጉልበት። ያ ቋንቋ ለእነርሱ አማርኛ ነው። እንደ እነርሱ ያሉ ሴቶች በለንደን ብቻ የሉም። በዋሽንግተን፣ በቴላቪቭ፣ በዱባይና በሪያድ አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥም የልጇን የውጭ አገር ደብዳቤ የምትጠብቅ ኑ ኤጎ የት ጠፍታ። እነዚህ መጻሕፍት ከተጻፉላቸው ሰዎች ጋር ያልተገናኙት በቋንቋ ምክንያት ብቻ ነው። እኔ በየመደብሩ ጠይቄ የአማርኛ ቅጂ እጄ አልገባም።

የአማርኛ ትርጉም ታላቅ ባለውለታ እንደሆነ በሚገባ አውቃለሁ። ነቢይ መኮንን በእስር ቤት፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ የአሜሪካዊቷን የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ መተርጎሙን ስሰማ የተሰማኝን አክብሮት በቃል መግለጽ ይከብደኛል። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ያን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስካርሌት ኦሃራን እንደ እኅቴ አውቃታለሁ። በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ግን ስካርሌትን አጥባና አልብሳ የምታሳድገው ጥቁር ሴት፣ ማሚ ብቻ ተብላ የምትጠራዋ፣ ታሪኳን በራሷ አፍ ነግራን አታውቅም። ልጆቿ ነበሩ ወይ? ስሟስ ማን ነው? በዚያ ዕድሜዬ ይህን አልጠየቅሁም። ዛሬ እጠይቃለሁ። የተሸጠች ሴት ልጅ ብዕር አንሥታ የእናቷን ስም፣ የሻሹን ዋጋና የበርሜሉን ልክ ስትጽፍ እንዴት እንደሚነበብ አሁን ዐይቻለሁና።

ልመናዬ የሚከተለው ነው። አሳታሚዎች፣ የትርጉም መብቱን ከወራሾቿና ከአሳታሚዎቿ በወጉ ጠይቁ፤ እርሷ በሕይወቷ ለጽሑፏ መብት የታገለች ሴት ናትና ሥራዋ በስርቆሽ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ። ከ«ሁለተኛ ዜጋ» ብትጀምሩ ይሻላል እላለሁ፤ አጭር ነው፣ ሕትመቱም አይከብድም፣ አንባቢውም ከርእሱ ጀምሮ ያውቀዋል። ተርጓሚዎች፣ ከመካከላችሁ ሴቶች እጃችሁን አንሡ። ወንዶች አይችሉም ማለቴ አይደለም፤ በአንድ እጅ ሕፃን ይዞ በሌላው የሚጻፍ ዐረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚረዝም ግን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ መጽሐፉ ሲወጣ ከሥዕል መጻሕፍቱ መደርደሪያ አጠገብ፣ እናቶች ቆመው ልጆቻቸውን ከሚጠብቁበት ቦታ አስቀምጡልን።

እኔ በበኩሌ ያለኝ አራት ደብተር ነው። «ሁለተኛ ዜጋ»ን ጨርሰናል፤ ትርጉሙ የጓዳ ነው፣ ስሕተት ሞልቶታል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ የቡና ነጠብጣብ አለበት። ሥራውን ለሚጀምር ሰው ይጠቅመኛል ካለ ያለ ምንም ክፍያ እሰጠዋለሁ፤ አይጠቅመኝም ካለም ቅር አልሰኝም።

አሁን ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምረናል። ያለፈው ቅዳሜ ያቆምነው ኑ ኤጎ ወደ ድልድዩ እየሮጠች ሳለ ነው። የሚቀጥለው ምዕራፍ ወደ እናቷ ዘመን ወደ ኋላ ስለሚመልሰን መልሱ ለብዙ ሳምንት አይገኝም፤ ይህን ለሴቶቹ አልነገርኳቸውም። እትዬ ሲወጡ ነጠላቸውን እያጣፉ በሩ ላይ ቆሙና «ደረሱላት?» አሉኝ። ቅዳሜ ይመጣሉ። አሥራ አንድ ገጽ ይቀረኛል።

አክባሪያችሁ
ከሰሜን ለንደን፣ አንዲት አንባቢ